ጂኦተርማል ሲቆፈር ገንዘቡ የማን፣ ውሳኔውስ የማን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጂኦተርማል፣ ከመሬት ሥር ሙቀት ስለሚመነጭ ኃይል፣ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ጠያቂ አለ። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለው «ገንዘብ አዋጥተን ራሳችን አንሠራውም ወይ?» ይላል። እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀበሌ ያለው ደግሞ «መሬቴን ማን ጠይቆኝ?» ይላል። ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው፤ እኔ ግን የአንድ ጉዳይ ሁለት ጫፍ ስለሚመስሉኝ አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂኦተርማል ከፍል ውኃ በምን ይለያል?

ምንጫቸው አንድ ነው። ሶደሬ የሚዋኝ፣ ወንዶ ገነት የሚታጠብ ወይም አዲስ አበባ ፍል ውኃ ገብቶ ድካሙን የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው በራሱ ጊዜ ወደ ላይ የወጣውን ሙቀት ነው። የጂኦተርማል ኃይል ሥራ ያን ሙቀት ሳይቀዘቅዝ ካለበት ድረስ ወርዶ ማምጣት ነው፤ ዝዋይ አጠገብ ባለው አሉቶ ጉድጓዶቹ እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፣ የተረፈው ውኃ በሌላ ጉድጓድ ወደ መሬት ይመለሳል።

አፋር ውስጥ ግን ከመሐንዲሶቹ በፊት በእንፋሎት ሲጠቀም የኖረ ሕዝብ አለ። አርብቶ አደሩ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣውን እንፋሎት «ቦይና» ይለዋል፤ እየከለለና እያቀዘቀዘ የሚንጠባጠበውን ውኃ ያጠራቅማል። ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። የአጥኚው ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ የተደረገበት ቦታ ለአንድ ቤተሰብ የውኃ ጉድጓዱ ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እስካሁን ምን ተሠራ?

ከተወራው ያነሰ። ፍለጋው የተጀመረው በ1969 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ነው። ከ1981 እስከ 1985 አሉቶ ላይ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ማመንጫው የተተከለው ግን በ1998 ነው፣ ያውም 7 ሜጋዋት ገደማ ብቻ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ተበላሽቶ ቆመና በ2007 በከፊል ተጠገነ። ከመጀመሪያው ጥናት እስከ መጀመሪያው ኪሎዋት 29 ዓመት ማለት ነው፤ ስለ ገንዘቡ ስናወራ ይህችን ቁጥር አትርሱ።

ከ2014 ወዲህ የዓለም ባንክ ለጂኦተርማል ዘርፍ 178.5 ሚሊዮን ዶላር መድቦ የአሉቶ ማስፋፊያ ቁፋሮ ተካሂዷል። በግል በኩል አርሲ ውስጥ ቱሉ ሞዬ፣ በሻሸመኔና በሀዋሳ መካከል ደግሞ ኮርቤቲ አሉ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር በታኅሣሥ 2017 የኃይል ሽያጭ ስምምነት ፈርመዋል። በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ላይ የምትገኘው ኬንያ ከ900 ሜጋዋት በላይ ስታመነጭ፣ የእኛዎቹን የቅርብ ጊዜ ጉድጓዶች አሉቶም ቱሉ ሞዬም የቆፈረው የኬንያው ኃይል አመንጪ ኩባንያ ኬንጄን ነው።

ለህዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተናል። ለጂኦተርማልስ ለምን አይሸጥም?

ይህን የማይጠይቅ የለም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ግን ግድብና ጉድጓድ አንድ አይደሉም። ዓባይ ይታያል፤ ስንት ውኃ በየትኛው ወር እንደሚወርድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተለክቷል። ግድቡ ሊዘገይ፣ ወጪው ሊንር ይችላል፤ ወንዙ ግን አለ። ሁለት ሺህ ሜትር ከመሬት በታች ያለው እንፋሎት መኖሩ የሚረጋገጠው ከተቆፈረ በኋላ ነው። ላይ ላይ የሚደረገው ጥናት ይጠቁማል እንጂ አይምልም። አንዱ ጉድጓድ በሚሊዮኖች ዶላር ተቆፍሮ ደረቅ ዓለት፣ ወይም ሙቀት ኖሮት ውኃ የማይሰጥ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2013 ከ14 አገሮች ከ2,600 በላይ ጉድጓዶችን መርምሮ ከመቶው 78ቱ ተሳክተዋል ብሏል። ጥሩ ቁጥር ይመስላል። ችግሩ ይህ አማካይ ለዓመታት የታወቁ መስኮችን ይጨምራል፤ አዲስ ቦታ ላይ የሚቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ዕድላቸው ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

በዕቁብ ላስረዳ። ዕቁብ ውስጥ ዕጣው ለሁሉም ይደርሳል፤ የሚለያየው ቀኑ ነው። የፍለጋ ቁፋሮ ግን ሁሉም ጥሎ ለማንም ላይወጣ የሚችል ዕቁብ ነው። የጡረታ ገንዘቧን ወይም ከቤት ሠራተኝነት ያጠራቀመችውን ሪያል ይዛ የመጣች ሴት እዚያ ውስጥ እንድትገባ አልመክርም።

ታዲያ ያን ጊዜ ማን ይክፈል? ቢጠፋበት የሚችል። ለዚሁ ሲባል በ2012 በአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ በጀርመንና በአውሮፓ ኅብረት የተቋቋመ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ የጂኦተርማል ስጋትን የሚጋራ ፈንድ አለ፤ ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ነው። ለተመረጡ ፕሮጀክቶች የላይ ላዩን ጥናት ወጪ እስከ 80%፣ የቁፋሮውን እስከ 40% ይሸፍናል። የቀረውን መንግሥትና ኩባንያው ይሸከሙ።

የሕዝብ ገንዘብ መግባት ካለበት መቼ ይግባ?

እንፋሎቱ ተገኝቶ፣ ተለክቶ፣ ኃይሉን የሚገዛው አካል ከፈረመ በኋላ። ያን ጊዜ የሚቀረው ማመንጫውን፣ ቧንቧውንና መስመሩን መሥራት ነው፤ አደጋው የማንኛውም ግንባታ አደጋ ይሆናል። ለጀማሪ ጉድጓድ የማይሆነው ቦንድ፣ አክሲዮን ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር መዋጮ እዚህ ላይ ያምራል።

በደንብ የሠሩት ኒውዚላንዶች ናቸው። በሰሜኑ ጫፍ ያለው የንጋዋ ማመንጫ ባለቤት ቶፕ ኢነርጂ የሚባል ድርጅት ሲሆን፣ ድርጅቱን የያዘው የአካባቢው መብራት ተጠቃሚዎች የአደራ ድርጅት ነው። ቆጣሪ ያለው ሁሉ ተጠቃሚ ነው፤ ትርፉም ከመብራት ሂሳብ ላይ በቅናሽ ይመለሳል። ሳይስፋፋ በፊት በ1998 በ10 ሜጋዋት ጀምሮ ነው እያደገ የሄደው። እዚያው አጠገብ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች እንደ ጠበል የሚያከብሯቸው ፍል ምንጮች ስላሉ፣ የምንጮቹን ሁኔታ መከታተል የፈቃዱ ግዴታ ተደርጓል።

በዚያው አገር ሞካይ ላይ ደግሞ መሬቱ የማኦሪ ቤተሰቦች የጋራ ይዞታ ነው። ቱዋሮፓኪ የተባለው የአደራ ድርጅታቸው መሬቱን አከራይቶ ዳር አልቆመም፤ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው ማመንጫ 75% ድርሻ የራሱ ነው። በሙቀቱም አትክልት በግሪንሃውስ ያመርታል፣ በ2011 የተከፈተው የወተት ፋብሪካም በዚያው እንፋሎት ይሠራል። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ይህ እንዳለ አይገለበጥም። ሆኖም የአካባቢው ሰው ዘበኛና ቀን ሠራተኛ ብቻ ሆኖ መቅረት እንደሌለበት ማሳያ ነው።

ሕዝብ ገንዘቡን አውጥቶ የከሸፈ የለም?

አለ፤ እንዲያውም ከተሳኩት ይልቅ እሱ ያስተምራል። የስዊዘርላንዷ ሳንክት ጋለን ከተማ በኅዳር 2010 ለጂኦተርማል 159 ሚሊዮን ፍራንክ ይውጣ ወይ ብላ ሕዝቧን በድምፅ ጠየቀች፤ ከመቶው 80 በላይ «አዎ» አለ። ቁፋሮው ከ4,000 ሜትር ጥልቀት በላይ ወረደ። በሐምሌ 2013 ያልተጠበቀ ጋዝ ገፍቶ መጣ፤ እሱን ለመግታት ውኃ ሲጨመር 3.5 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በኋላ ሙቀቱ ቢገኝም ውኃው ጥቂት ሆነና ፕሮጀክቱ ተተወ።

የሚገርመው የከተማው ሕዝብ በቁጣ አልተነሣም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ከድምፁ በፊት «ላይሳካ ይችላል» ተብሎ ተነግሯቸዋል፤ መሬቱ በተንቀጠቀጠ ጊዜም መረጃው አልተደበቀም። ገንዘቡ ደግሞ የከተማው ነበር፤ ኪሳራው በሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ወደቀ እንጂ የአንድ ሰው ቤት አልፈረሰበትም።

ውጭ አገር ነኝ። ከእኔ በኩል ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

የሚሸጥላችሁ ነገር ባላችሁበት አገር ሕግ መሸጥ መቻሉን አስቀድሙ። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ያስታውሱታል፦ የህዳሴ ግድብ ቦንድ ከ2011 እስከ 2014 ከ3,100 በላይ ለሆኑ አሜሪካ ነዋሪዎች ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ በአገሪቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን አልተመዘገበም ነበር። በሰኔ 2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከነወለዱ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ገንዘቡም ለገዢዎቹ እንዲመለስ ነው። ማንም ተጭበረበረ አልተባለም፤ ሥርዓቱ አለመጠበቁ ብቻ ይህን አስከተለ። በመንግሥት ተቋም ላይ ይህ ከደረሰ፣ በቴሌግራም «የጂኦተርማል አክሲዮን» እያለ የሚዞር ግለሰብ ምን ዋስትና አለው?

አገር ቤትስ አክሲዮን መሸጥ ይቻላል?

መንገዱ ተከፍቷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። ለሕዝብ የሚሸጥ ሁሉ በባለሥልጣኑ የጸደቀ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ፣ ማለት ድርጅቱንና ስጋቱን የሚዘረዝር ሰነድ፣ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን ጠይቃችሁ የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

ስለ ሕዝቡ አቅም ግን ልክ እንወቅ። በ2024 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር አቅርቦ የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ነው፤ 47,377 ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ አዋጡ። ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ በየወሩ ገቢ ያለው ድርጅት ነው። ገና ላልወጣ እንፋሎት ከዚህ የተሻለ ይሰበሰባል ብሎ ማሰብ ምኞት ነው።

ምክክር ማለት ስብሰባ ማለት ነው?

አይደለም፤ እኛ አገር ግን ሆኖ ቀርቷል። «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉት። ሐረጉ ራሱ አንዱ አዋቂ፣ ሌላው ባዶ እንስራ ነው ይላል። ሰው ተጠርቶ ይመጣል፣ ስላይድ ያያል፣ ሻይና ዳቦ ይበላል፣ ውሎ አበል ተቀብሎ መገኘቱን ይፈርማል። ከወራት በኋላ ያ ፊርማ «ማኅበረሰቡ መስማማቱን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ» ተብሎ ከሰነዱ ጀርባ ተያይዞ ይገኛል። መገኘትን የፈረመ ሰው መስማማትን አልፈረመም።

ሕጉ ከዚህ የተሻለ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ሰዎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 በአካባቢያቸው ላይ በቀጥታ የሚነካቸው ሥራ ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ይላል። አንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ዓ.ም. ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የጎደለው ሪፖርቱን ከመሳቢያ የሚያወጣ ነው።

ነገሩ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ኬንያ ያሳያል። ኦልካሪያ 4 የተባለው የጂኦተርማል ማመንጫ ሲሠራ የአራት መንደር ማሳዮች፣ 150 ያህል ቤተሰቦች፣ በነሐሴ 2014 ራፕላንድ ወደተባለ አዲስ ቦታ ተዛወሩ። አዳዲስ ቤቶች፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተሠሩላቸው፤ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። እነሱ ግን ለዓለም ባንክ አቤቱታ መርማሪ የኢንስፔክሽን ፓነልና ለአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ አቤት አሉ። የመሬቱ የባለቤትነት ደብተር ዘግይቷል፣ መንገዱ በዝናብ ይቆረጣል፣ ከተማውና ሥራው ርቋል። ፓነሉ ካገኛቸው ጉድለቶች አንዱ ምክክሩ የሕዝቡን ቋንቋ ማአን በሚገባ አለመጠቀሙ፣ የሽማግሌዎቹንም ባህላዊ ሥልጣን አለመጠበቁ ነው። በኋላ በሽምግልና ወደ ስምምነት መጡ።

ይህን ወደ እኛ አምጡት፦ ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ስብሰባው በአማርኛ ተመርቶ፣ አድማጩ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሆን ማን ማንን አማከረ ይባላል? ደግሞ ሴቶቹ። ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ በመቆፈሪያ ማሽኑ ዙሪያ የሚታጠረው አጥር መንገድ የሚያረዝምባቸው እነሱ ናቸው፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ከኋላ ተቀምጠው አይናገሩም። ለብቻቸው፣ በሚመቻቸው ሰዓት፣ በሴት አወያይ ካልተጠየቁ እንዳልተጠየቁ ቁጠሩት።

መሬቴ ቢወሰድ ካሳው እንዴት ነው?

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ዓ.ም. ነው የሚመራው፤ በኋላ ማሻሻያ ስለተደረገበት የቅርቡን ቅጂ ያዙ። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ባለይዞታው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲነገረው፣ በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬም የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ የልማት ተነሺ ካሳ እንዲከፈለው አስቀምጧል። ቅሬታ ያለው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው ያመለክታል፤ ቀኑ ሳያልፍ። ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ከመጣ የባንኩ መስፈርት ይጨመራል፤ በእሱ የይዞታ ደብተር የሌለው ሰው እንኳ ለሠራው ቤትና ለተከለው ዛፍ ካሳ ይገባዋል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ያመጣል ይባላል። እውነት ነው?

አንዳንዱ ዓይነት ያመጣል። በ2006 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ሥር ደረቁን ትኩስ ዓለት በውኃ ግፊት ሲሰነጥቁ 3.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ፕሮጀክቱ ተሰረዘ። በደቡብ ኮሪያዋ ፖሃንግ በኅዳር 2017 የደረሰው 5.5 ነበር፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ቡድንም ምክንያቱ የጂኦተርማል ሙከራው ነው አለ። ሁለቱም ዓለት የመሰንጠቅ ዘዴ ናቸው። አሉቶና ኦልካሪያ ግን በተፈጥሮ የተሰነጠቀ፣ በራሱ እንፋሎት ያለው መስክ ነው፤ ስጋቱ ያንሳል፣ ውኃ ሲመለስ ትንንሽ መንቀጥቀጦች ሊኖሩ ቢችሉም።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ሰዉን ከቤቱ ያስወጣው መንቀጥቀጥ ከጂኦተርማል ጋር አይያያዝም። እዚያ የሚሠራ ማመንጫ የለም፤ ከሥር የተንቀሳቀሰው ቅልጥ ዓለት ነው። ይህንንም ቢሆን ስብሰባ ላይ የጠየቀን ሰው «ያልገባው» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የፈራ ሰው መለኪያ መሣሪያው የት እንደሚተከል፣ ስንት ሲሆን ቁፋሮው እንደሚቆም ይነገረው።

ሽታውና ውኃውስ?

የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ በብዛት ከሆነ ይመርዛል፣ ስለዚህ ይለካል። ከሥር የሚወጣው ውኃ ፍሎራይድ፣ ቦሮንና አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥርሱ የጠቆረ ሕፃን ላየ ሰው የፍሎራይድን ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። የአካባቢው ጉድጓዶች ከቁፋሮው በፊት ተመርምረው ውጤቱ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ያለዚያ በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይባላል።

አካባቢው ምን ያገኛል?

በሕግ ካልተጻፈ የሚያገኘው የኩባንያው ቸርነት ነው፤ አንድ የመማሪያ ክፍል፣ አንድ የውኃ ቦኖ፣ ከነፎቶው። ኬንያ በ2019 የኢነርጂ ሕጓ ከጂኦተርማል የሚገኘውን ሮያሊቲ (አልሚው ለሀብቱ የሚከፍለውን ድርሻ) ለማዕከላዊ መንግሥት 75%፣ ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) 20%፣ ለአካባቢው ማኅበረሰብ 5% ብላ ከፍላለች። ሃዋይ ግማሹን ለስቴቱ፣ 30% ለካውንቲው፣ 20% ለነባሩ የሃዋይ ሕዝብ ጉዳይ ቢሮ ትሰጣለች። 5% ትንሽ ነው የሚል አለ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ቁጥሩ መጻፉ ነው፤ ሰው የሚሟገትበት ነገር ያገኛል።

ከገንዘቡ ሌላ ሙቀቱ ራሱ አለ። ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ አጠገብ ያለው የኦሴሪያን አበባ እርሻ 50 ሄክታር ግሪንሃውስ በእንፋሎት አሙቋል። ዝዋይም አበባ አለ፣ አሳ አለ፣ የሚደርቅ ሽንኩርትና በርበሬ አለ፤ አሉቶም ቅርብ ነው። የእኛ የጂኦተርማል አዋጅ ቁጥር 981/2008 ዓ.ም. ሙቀቱን በቀጥታ ለመጠቀም የሚሰጥ የፈቃድ ደረጃ ስላለው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ከማመንጫው ይልቅ እዚህ ላይ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። የበርበሬ ማድረቂያ ጥቂት ብር ይፈልጋል፣ ቢከስርም አገር አያፈርስም።

ደግሞ መብራቱ። ከፍተኛ መስመር በጣሪያው ላይ እያለፈ በኩራዝ የሚያነብ ተማሪ ላለበት መንደር፣ ከሁሉም በፊት ማከፋፈያ ትራንስፎርመር የሚተከልበት ቀን ይጻፍለት።

ስብሰባ ተጠርቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ብጠይቅ የትኛውን ልጠይቅ?

ሥራና ካሳ ሌላው ይጠይቃል፤ እናንተ ይህን ጠይቁ፦ ጉድጓዱ ባዶ ቢወጣ ወይም ኩባንያው ጥሎ ቢሄድ ማን ይደፍነዋል፣ የተጠረገውን መሬት ማን ይመልሳል፣ ለዚያ የተያዘው ገንዘብስ ዛሬ በየትኛው ባንክ፣ በማን ስም ተቀምጧል? «በሂደት የሚታይ ነው» ከተባላችሁ ያው መልስ በቃለ ጉባኤው እንዲገባ አድርጉ፤ ከመፈረማችሁ በፊትም በቋንቋችሁ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ጠይቁ።